ውርጭ የማያርፍባት ማሳ

ወለተ ኪዳንን አብዳለች የሚሉ አሉ። እኔ ባለሁበት ግን አይሉም፤ ያውቁኛላ! ደመላሽ ቱግ ባይ ነው፣ አፉን አይገዛም ይሉኛል፤ ይበሉ። እኔና እሷ ጸጉራችን ጥቁር ከነበረ ጊዜ ጀምሮ አጥር ለአጥር የኖርን ጎረቤታሞች ነን። እኔ ያየሁትን ነው የምናገረው። ያላየሁትን ለወሬኛ ትቼዋለሁ፤ ወሬኛ እንደሁ አገሩ ሞልቷል።

መንደራችን ከሉማሜ አስፋልቱን ትታችሁ በእግር ወደ ገደሉ አፋፍ ስትመጡ ያለችው ናት። አፋፉ ላይ ብርዱ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። ከታች ጭላዳ ዝንጀሮ ብቻ የሚውልበት ገደል አለ፤ እኛም ጭላዳ ገደል እንለዋለን። የወለተ ኪዳን ቤት እዚያው አፋፉ ላይ ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ንግግሯ ቁጥብ ሴት ናት። የምትታወቀው በምርግ ነው። አዲስ ቤት ያቆመ ሰው ጭቃውን በጭድ አስቦክቶ እሷን ያስጠራል፤ የእሷ እጅ ያለፈበት ግድግዳ መርፌ የምታሾልክ ቀዳዳ አይተርፈውም። «ወለተ ኪዳን የመረገችው ቤት ንፋስ ደጅ ቆሞ ይለምናል» እያልን እንቀልድባት ነበር። እሷም በእጇ ሥራ ትኮራለች። ልጅ አልወለደችም፤ ያላት እጇና ባሏ ነበሩ።

ባሏ ቢተው ደግሞ ፍጹም ሌላ ሰው። ሳቁ ጋራ ማዶ ይሰማል። ያለውን ይበትናል፣ የሌለውን ይበደራል፣ ሲያኮርፍ ደግሞ ከቄስም ጋር ቢሆን አይታረቅም። የገደል ማር ቆራጭ ነበር። ከዓመታት በፊት አንድ ባለሀብት ነኝ ባይ መጥቶ ገደሉን ቦረቦረና ጥቂት መኪና የድንጋይ ከሰል ጭኖ ወጣ፤ ከዚያ ጉድጓዱን አፉን እንደከፈተ ጥሎት ጠፋ። በዚያ ጉድጓድ ውስጥ የዱር ንብ ሰፈረበት። ቢተው ንቡን የሚያጨስበትን ችቦ ለኩሶ ወረደ፤ አልተመለሰም። ደርሰን ስናየው ከጉድጓዱ አፍ በታች ወድቆ አንገቱ ተሰብሯል። ችቦውን ፈለግነው፤ የለም። ወደ ውስጥ ተንከባልሎ ነው አልንና ሬሳችንን ተሸክመን ወጣን።

ወለተ ኪዳንን የጎዳት ሞቱ ብቻ አይደለም። ሞትማ ለማን ቀረ? ቢተው ሳይናዘዝ መሞቱ ነው። ከነፍስ አባቱ ጋር ተኳርፈው ዓመት አልፏቸው ነበር፤ ዛሬ ነገ እታረቃለሁ ሲል ገደል በላው።

«ሳይናዘዝ ሄደ እኮ ደመላሽ» ትለኛለች፣ ከብት ልናወጣ አጥር ላይ ስንገናኝ። «የት ገብቶ ይሆን?»

«እግዚአብሔር ያውቃል። አንቺ ምን አገባሽ?» እላታለሁ። እኔ ማጽናናት አልችልበትም፤ እሷም ታውቃለች።

ከቤተ ክርስቲያናችን አጠገብ የቅኔ ጉባኤ ቤት አለ። መምህሩ የኔታ ይስማው ናቸው። ተማሪው ከደምበጫም፣ ከጉንደ ወይንም፣ ከዚያም ማዶ እየመጣ ጎጆ ቀልሶ፣ በየደጁ ለምኖ ይማራል። ጎጆዎቹ ድሮ ረግረጉ ዳር ነበሩ፤ ብርዱ ስንቱን ልጅ በሳል ጨረሰው። በቢተው የአርባ ቀን ተዝካር ላይ ወለተ ኪዳን በሰው መሀል ተነሥታ ቆመች። በሰው ፊት ስትናገር ሰምቼ አላውቅም።

«የኔታ፣ ከቤቴ ጀርባ ያለችውን ጠፍ ለተማሪዎቹ ማደሪያ ሰጥቻለሁ። ለቢተው ነፍስ ይሁን። ከእጄ ወጥታለች» አለች።

የኔታም መረቁ፣ ሕዝቡም አሜን አለ። ተማሪዎቹ ጎጆዎቻቸውን አምጥተው ጠፏ ላይ ተከሉ።

ከዚያ ወዲያ ነው ጉዱ የመጣው። ኅዳር ገባ፤ ታኅሣሥ መጣ። እኛ አገር በዚያ ወር ጠዋት ስትወጡ ምድሩ በውርጭ ነጥቶ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። የእኔ ባቄላ ጠውልጎ ተኛ። የእሷ ጠፍ ግን፣ አጥሩን እንዳለፋችሁ፣ አረንጓዴ! ሣሩ ለምልሞ ጠል ይዞ ቆሟል። አንዲት ነጥብ ውርጭ የለባትም። ተማሪዎቹ መሬቱ ላይ ተቀምጠው «ይሞቃል እኮ፣ እንደ ምድጃ ዳር ይሞቃል» እያሉ ይስቃሉ። ሄጄ መዳፌን አሳረፍኩበት፤ እውነትም ይሞቃል።

ሰው ምን ይበል? የቢተው ነፍስ ዕረፍት አገኘች አለ። የኔታም በሰንበት ስብከታቸው «ምጽዋት ከውርጭ ታድናለች፤ ይኸው በዐይናችሁ አያችሁ» ብለው አስተማሩበት። ወለተ ኪዳን ያን ቀን ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ፊቷ በርቶ ሌላ ሰው ሆና ነበር። «አስታወቀኝ» አለችኝ። «ደህና ነኝ ብሎ አስታወቀኝ።» እውነቱን ልናገር፣ እኔ ዐይኔ አይረጥብም የምለው ሰውዬ፣ ፊቴን አዞርኩ።

ግን ሌላም ነገር ነበር። ጭላዳዎቹ ገደሉን ለቀው ሄዱ። ከአያቶቻችን ጀምሮ ማለዳ ማለዳ ሲንጫጩ እየሰማን ነው የምንነሣ፤ አንድ ጠዋት ዝም አለ። ከጠፏ ዳር መሬቱ ፀጉር በምታህል መስመር ተሰነጠቀ፤ በስንጥቁ አፍ ላይ የእርድ ዱቄት የመሰለ ቢጫ ነገር ይጋገራል። አንዳንዴ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል፣ አንዳንዴ ምንም አይሸትም። ሴቶቹ ያጠቡት ነጠላ ገመድ ላይ ውሎ ግራጫ ሆኖ ይወርዳል። የእኔ ውሻ ሙቀቱን ወዶ እዚያ መተኛት ጀመረ። አንድ ጠዋት ልቀሰቅሰው በእግሬ ነካ አደረግሁት፤ አፍንጫውን ከጭራው ሥር ቀብሮ እንደተጠቀለለ ደርቋል። ቁስል የለበት፣ አረፋ የለበት። እባብ ነው ብዬ አጥሩን ሁሉ ገለባበጥሁ።

ቀጥሎ ተማሪዎቹ። ጠዋት ሲነሡ ራሳቸውን ይይዛሉ፣ ያስመልሳቸዋል፣ እግራቸው ይተሳሰራል። አንዱ ግድግዳው ሲራመድ አየሁ ይላል። ሌላው በሌሊት ያሰበውን ቅኔ ለየኔታ ሊነግር ቆሞ ዐይኑን አፍጥጦ ይቀራል፤ አንዲት ቃል አትወጣውም።

መንደርተኛው ወዲያው ፈረደ፤ አብሾ! እኛ አገር የቅኔ ተማሪ ቀልቡ ሲስት ከዚህ ሌላ ማንም አያስብም። አእምሮ ይከፍታል እያሉ የአስተናግርን ፍሬ በድብቅ አዘጋጅተው ይጠጡታል፤ ልኩ ሲያልፍ ያሳብዳል። የኔታ ይስማው አብሾን እንደ ሰይጣን ነው የሚጠሉት፤ ወጣት ሳሉ አብሮ አደጋቸውን አብዶ ሲቀር አይተዋል። ካባቸውን አጣጥፈው፣ ዶማ ይዘው፣ በዚያ እድሜያቸው ከመንደሩ ጥግ እስከ ጥግ አስተናግር የተባለን ተክል ሲነቅሉ ዋሉ። ተማሪዎቹ በማርያም እየማሉ «አልጠጣንም የኔታ» ይላሉ። ማን ይመናቸው? አብሾ የጠጣ ሰው ጠጣሁ ብሎ ያውቃል?

ከሁሉ የባሰበት አንሙት ነበር፤ የጉንደ ወይን ልጅ። ድምፁ ያማረ። በወለተ ኪዳን ደጅ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል ሥራዬን ትቼ እሰማው ነበር። እሷ ከቁራሹ በላይ ወጥ የምትጨምረው ለእሱ ብቻ ነው። አንድ ጠዋት ደጇ መጣና ልመናውን ረስቶ ቆመ።

«እማማ፣ ከመሬቱ ሥር አንድ ሰውዬ ይስቃል» አላት።

«ምን ዓይነት ሰውዬ ልጄ?»

«ትልቅ ሰው። ሳቁ ብዙ ነው። ተኝቼ ከጆሮዬ ሥር እሰማዋለሁ።»

አንሙት ቢተውን አያውቀውም፤ ቢተው ከሞተ በኋላ ነው የመጣው። እኔ አጥሩ ጋ ቆሜ ሰምቻለሁ። ወለተ ኪዳን የያዘችው ሰሐን ከእጇ ወደቀ።

የኔታ ይስማው፣ አንሙት ከጎጆው ሳይወጣ ሱባዔ ይያዝ፣ ቀልቡም እስኪመለስ ማንም በሩን እንዳይከፍት ብለው አዘዙ። ደግሞ ንፋስ እንዳይመታው! እኛ አገር ንፋስ ከእባብ በላይ ይፈራል። ካላመናችሁ ከደብረ ማርቆስ ስትሳፈሩ የአውቶቡስ መስኮት ለመክፈት ሞክሩ፤ ጩኸቱ ሾፌሩን ያስቆማል። ለታመመ ሰው መጀመሪያ የሚደረግለት ስንጥቁን መድፈን ነው። ማን ይድፈን? ወለተ ኪዳን እያለች!

ራሷ ጭቃ አቦካች። የአንሙትን ጎጆ ከሥር እስከ ክዳኑ ጥግ መረገቻት፤ ያን ያህል ተጠንቅቃ የሠራችው ምርግ አይቼ አላውቅም። በበሩ ሥር ጭድ ጠቀጠቀች። «ደህና ሁን ልጄ፣ ብርድ አያገኝህም» አለችው በግድግዳው ላይ አፏን አስጠግታ። ከውስጥ አንድ ነገር አላት፤ እኔ አልሰማሁትም።

ብዙም አልቆየ። ከውጭ ሆኖ እየጠራ የሚጠይቀው ተማሪ ጠዋት ጠርቶት መልስ ሲያጣ በሩ ተከፈተ። አንሙት ጋቢውን ተከናንቦ በጎኑ ተኝቷል። ሬሳ ይገረጣል፤ አይደለም? አንሙት አልገረጣም። ጉንጩም ከንፈሩም ቀልቶ፣ ከሕይወቱ ይልቅ አምሮ፣ የሰርጉ ለት ሙሽራ መስሎ ነው የተኛው። «የጻድቅ ሞት ነው» ተባለ። እኔ ግን ዘገነነኝ። ያ ቅላት ከሞት ጋር አልሄድ አለኝ።

አባቱ ከጉንደ ወይን መጣ። ደሃ ገበሬ ነው። ልጁን የተንከባከበችው የትኛዋ እናት ናት ብሎ ጠየቀና ወለተ ኪዳንን አሳዩት። ጎንበስ ብሎ እጇን ሳመ። «ንፋስ እንኳ እንዳይነካው አድርገሽ ነበር አሉኝ። እናቱ ብትኖር ከዚህ የበለጠ አታደርግለትም» አላት። እሷም አብራው አለቀሰች። ያን ጊዜ ገና አላወቀችም።

ሳምንት ሳይሞላ ዘመነ የሚባለው የደምበጫ ልጅ ታመመ። እንደዚያው ራሱን ይዞ፣ እንደዚያው እየተንገዳገደ። የኔታ እንደዚያው አዘዙ። ወለተ ኪዳን ለጭቃው አፈር ልትቆፍር ከጠፏ ዳር ዶማዋን አነሣች። ጥቂት ቆፍራ፣ አፈሩን እዚያው ጉድጓዱ ውስጥ ላቡካው ብላ ጭዱን ጨመረች። ጭዱ ጨሰ።

በአጥሩ ዘልላ ወደ እኔ ስትመጣ ማን ሞተብሽ ልላት ነበር። እጄን ጎትታ ወሰደችኝና «አስገባ» አለችኝ። እጄን ከጉድጓዱ አስገባሁ፤ መልሼ ነጠቅሁት። ፈጀኝ! ጭዱ እያየነው ጠርዙ ጠቆረ፣ ተጠቀለለ። ወለተ ኪዳን ጭዱን ሳይሆን የአንሙትን ጎጆ ነበር የምታየው።

«ከሥሩ እሳት ነው» አለች።

«ቀስ በይ። ሰው ይሰማሻል።»

«የሰጠሁት መሬት ከሥሩ እሳት ነው ደመላሽ።» ይህን ስትል ድምፅዋ አልተነሣም። ግን ምን እያሰበች እንደሆነ ገብቶኛል፤ እኔም ያንኑ አስቤ ነበር። ለቢተው ነፍስ ብላ የሰጠችው መሬት ነው። ሙቀቱ የገነት ነው ተብሎ ተሰብኳል። እሳት ከሆነ ታዲያ ቢተው የት ነው ሊባል ነው?

«አንቺ ዝም ብትይስ?» አልኳት። «ልጁን በሌላ ዘዴ ከዚያ እናስወጣዋለን።»

«የትኛው ዘዴ?»

 ወለተ ኪዳን ምክንያቱን ሳትናገር ለየኔታ አልመርግም ብላ መለሰች፤ እሳቸውም ቅር ብሏቸው ሌሎች ሴቶችን አስመረጉ። ዘመነ ገባ፣ በሩ ተዘጋ። ወለተ ኪዳን ወደ ዘመነ ጎጆ ስትጠጋ ተማሪዎቹ «ሱባዔ ላይ ነው እማማ» እያሉ መለሷት። በነጋታው እኔን አስከትላ ደብረ ማርቆስ ወረደች። ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ሲያመላልሱን እኔ ደሜ ፈላ፤ እሷ ግን በሄደችበት ሁሉ ያንኑ ትደግማለች፦ «ከመሬታችን ሥር እሳት አለ፤ ልጆች ተኝተውበታል።» በመጨረሻ እየሩስ የምትባል፣ የድንጋይና የአፈር ትምህርት የተማረች ወጣት ሰማቻት። አልሳቀችም። የገደሉን ጉድጓድ፣ ከሰሉን፣ ቢጫውን ዱቄት አንድ በአንድ ጠየቀቻት። ልጁ ሞተ ስትላት ተነሥታ ቆመች።

«ፊቱ ቀልቶ ነበር?» አለች።

ወለተ ኪዳን ወደ እኔ ዞረች፤ እኔ «አዎ» አልኩ።

እየሩስ በማግሥቱ፣ የማርያም ለት ማለዳ ከሉማሜ በሞተር ብስክሌት መጣች። አንገቷ ላይ የእጅ ስልክ የምታህል መሣሪያ አንጠልጥላለች። መጀመሪያ ገደሉ አፋፍ ወሰድናት። ያ ባለሀብት ከቦረቦረው ጉድጓድ አፍ ስስ ጭስ ይወጣል፤ ጠዋት ጠዋት ጉም ነው እያልን የተውነው እሱ ነው።

«ከሰሉ ውስጥ ውስጡን እየነደደ ነው» አለች። «እሳቱ የከሰሉን መስመር ተከትሎ ከመንደራችሁ ሥር ገብቷል። ጭሱ በስንጥቁ ይወጣል። የሚሸታችሁ ሌላ ነው፤ የሚገድለው ሽታም መልክም የለውም። የተዘጋ ቤት ውስጥ ሲገባ የተኛ ሰው ሳያውቀው ይገድለዋል። በጉድጓዱ አፍ ከዚህ በፊት እሳት የለኮሰ ሰው ነበር?»

ወለተ ኪዳንና እኔ ተያየን። እኔ «ማንም» ልል ነበር። እሷ ግን «ባሌ» አለች። «ችቦ ይዞ ገብቶ እዚያው ሞተ።»

እየሩስ ደነገጠች። «እማማ፣ ከሰል እኮ አየር ሲያገኝ በራሱም ይቀጣጠላል። በእርግጠኝነት እሱ ነው ማለት አይቻልም» አለች ፈጥና። ደግ ልጅ ናት። ወለተ ኪዳን ግን ሰምታው አልሰማችውም።

ወደ ጠፏ ስንመለስ ሕዝቡ ከቅዳሴ ወጥቶ እየመጣ ነበር። እየሩስ ወደ ዘመነ ጎጆ ጠጋ ስትል አንገቷ ላይ ያለው ነገር ጮኸ። የሕፃን ልቅሶ ዓይነት ጩኸት ነው፤ አያቋርጥም። በሩ ሥር ስታስጠጋው ይብሳል። ሰው ሁሉ ባለበት ቆመ።

«ይህን ልጅ አሁን አውጡት! ሁሉም ጎጆ ባዶ ይሁን!» ብላ ጮኸች።

የኔታ ይስማው መስቀላቸውን ይዘው መጡ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ይህን ልብ በሉልኝ። «ልጄ፣ ሱባዔ የገባን ሰው በር መስበር ቀላል ነገር አይደለም። ምክንያቱን በቅጡ አስረጂኝ» አሏት።

«የኔታ፣ ከሥር እሳት አለ።»

ቃሉ ከአፏ እንደወጣ ሕዝቡ ተንጫጫ። «እሳት? ይህ የምጽዋት መሬት ነው!» «ገነት ያልነው ሲኦል ሊሆን?» የቢተው እህት ሽታዬ ነጠላዋን አውልቃ መሬት ላይ ጣለች። ወደ እየሩስ ሳይሆን ወደ ወለተ ኪዳን ነው የሄደች።

«አንቺ ነሽ ያመጣሻት! ወንድሜ ሳይናዘዝ መሞቱ አንሶት አሁን ከነእሳቱ ልታሳዪን ነው? ውሸት ነው በይ! አፍሽ ይናገር፣ ውሸት ነው በይ!»

ሁሉም ወደ ወለተ ኪዳን ዞረ።  አንዲት ቃል ብቻ ነበር የሚጠበቅባት፤ «ውሸት ነው» ብትል ሰው ሁሉ በደስታ ይቀበላት ነበር። መሬቷም ለዘላለም «የቢተው ነፍስ የዳነባት መሬት» እየተባለች ትኖራለች። መሣሪያው ይጮኻል። ከጎጆው ምንም አይሰማም።

«እውነት ነው» አለች ወለተ ኪዳን። «እሳት ነው። ችቦውም የቢተው ነው።»

«ወንድሜ ታዲያ የት ነው?» አለች ሽታዬ።

«እዚያ ነው በሉ። ሲኦል ነው በሉ። እኔ ፈቅጃለሁ፣ ልጄን ግን አውጡልኝ!»

ማንም አልተንቀሳቀሰም። እሷ ግን ዶማዋን አንሥታ ግድግዳውን መታች። ጭቃው ተፈረካከሰ። ደግማ መታች። የኔታ መስቀላቸውን አንገታቸው ላይ አጠለቁና በእጃቸው ጭቃውን መጎተት ጀመሩ፤ ያን ጊዜ እኛም ተሯሯጥን። በቀዳዳው ገብቼ ዘመነን በብብቱ ይዤ አወጣሁት። ፊቱ እንደዚያው ቀልቷል። «አለቀ» አልኩ በሆዴ። እየሩስ በጎኑ አስተኝታ ልብሱን ላላ አደረገችለት፤ ንፋስ ሲነካው አሳለው፣ አስመለሰው፣ ተነፈሰ።

የኔታ እዚያው አፈሩ ላይ ተቀመጡ። «አንሙትን…» አሉና ሳይጨርሱ አለቀሱ። ወለተ ኪዳን አጠገባቸው ቆማ በጭቃ የተለወሱ እጆቿን ታያለች፤ አላለቀሰችም። ዘመነን አልጋ ላይ አድርገው ወደ ጤና ጣቢያ ወሰዱት፤ ዳነ። ዛሬም ቅኔ ይቀኛል። እጁ ግን ትንሽ ይንቀጠቀጣል።

ጎጆዎቹ ወደ ረግረጉ ዳር ተመለሱ። እየሩስ አልፎ አልፎ እየመጣች ትለካለች። እንዲህ ዓይነቱ እሳት በሌላም አገር አለ፣ አንዴ ከያዘ የልጅ ልጆቻችን አርጅተውም ላይጠፋ ይችላል ትላለች። ጭሱም ገደላችን ውስጥ አይቀርም፤ ሰማይ ወጥቶ ከሌላው ዓለም ጭስ ጋር ይደባለቅና አየሩን ያሞቃል፣ የዝናቡንም ነገር ያዛባል አለችኝ። «ይሄ የእኛ ቢተው ለዓለምም ተረፈ በያ!» ብዬ ልቀልድ ሞከርኩ። አልሳቀችም፤ እኔም ወዲያው ጸጸተኝ። ሴቶቹ አሁንም ያስላቸዋል፣ ነጠላው አሁንም ይጠቁራል። እየሩስ መጥተው እንዲያዩልን አንዱን ትልቅ መሥሪያ ቤት ለምናለች፤ እስካሁን የመጣ የለም።

የቢተው ሙት ዓመት ደረሰ። ወለተ ኪዳን ጠላ ጠመቀች፣ ደገሰች። የኔታና ጥቂት ተማሪዎች መጡ፣ እኔ አለሁ፤ ከዘመድ አንድም አልመጣ። ሽታዬ መንገድ ላይ ስታያት ትሻገራለች። ልጆች ጠፏን «የቢተው ሲኦል» ነው የሚሏት፤ አንዱን አባርሬ ጆሮውን ጎትቼዋለሁ። ምን ይጠቅማል? ቃሉን ያወጣችው እሷ ራሷ ናት ይሉኛል።

ባለፈው ዓርብ ከብት ላወጣ ስል አየኋት። የምንጭ ውሃ በጀሪካን አዝላ በጠፏ መሀል እየሄደች ነው። ትልቁ ስንጥቅ ጋ ስትደርስ ተንበረከከችና ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ውሃውን ቀስ አድርጋ ታንቆረቁረው ጀመር። ከውስጥ ሺሽሽ የሚል ድምፅ መጣ፤ ነጭ እንፋሎት ወጥቶ ሸፈናት። ለጥቂት ጊዜ አልታየችኝም። አጥሩን ዘልዬ ሮጥሁ።

«ምን ነካሽ አንቺ! ያቺ ልጅ ወንዝ ቢዞርበት እንኳ አይጠፋም ብላሽ የለ? ይህን እሳት በጀሪካን ልታጠፊው ነው?»

ጀሪካኑን እስከ ጠብታው አፈሰሰችው። ከዚያ ቀና አለች።

«እሳቱን ላጥፋው መች አልኩ?» አለችኝ። «እሱ ይጠጣ ብዬ ነው።»